አርክቴክቸር ምን ያስተምራል? አንድ መስጊድ ይዘን እንመልከት

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የፍሬሽማን ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ጊዜ ሲቃረብ ስለ አርክቴክቸር ወይም ሥነ ሕንፃ የሚነሱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ “እኔ ስዕል አልችልም” ይላል። ሌላው “ስዕሉ ከዲናችን ጋር አይጋጭም ወይ?” ብሎ ይሰጋል። ሦስተኛው ደግሞ “ቤት ለመሥራት ጥሩ ግንበኛ ካለ መች አነሰና?” ብሎ ያልፈዋል። ሦስቱም የሚመነጩት ትምህርቱ ምን እንደሆነ ካለማወቅ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ ይዘን እንጓዛለን። ደብረ ብርሃን ላይ 200 ሰው የሚያሰግድ መስጊድ ሥሩ ብንባል፣ የአርክቴክቸር ተማሪ በየዓመቱ የሚማረው ነገር ለዚህ ሥራ ምን ይጠቅማል?

ስዕል ቋንቋው ነው

የአርክቴክቸር ዲግሪ በአገራችን በተለምዶ አምስት ዓመት ይወስዳል። ትምህርቱ በኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ መሰጠት የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደታ ባለው ግቢ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ሆኖ ቀጥሏል። አሁን ትምህርቱ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል።

የትምህርቱ እምብርት ስቱዲዮ የሚባለው ክፍል ነው። ተማሪው በየሴሚስተሩ አንድ ሥራ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ትንሽ መጠለያ፣ ቀጥሎ መኖሪያ ቤት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ፣ በኋላም ፎቅና የከተማ ሰፈር ይነድፋል። መምህሩ ጠረጴዛው ድረስ እየመጣ ሥራውን ያርመዋል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው ስዕሉንና ሞዴሉን ይዞ ጁሪ በሚባሉ መምህራን ፊት ቆሞ ይከራከራል። የሚጠየቀውም “ስዕልህ ያምራል ወይ?” ተብሎ አይደለም፤ “በሩን ለምን እዚህ አደረግኸው?” ተብሎ ነው። ያለ ምክንያት የተሰመረ መስመር ቢያምርም ውጤት አያስገኝም።

ከስቱዲዮው ጎን የእጅና የቴክኒክ ስዕል፣ የግንባታ ቁሳቁስ፣ የሕንፃ አካላት ጥንካሬ፣ የብርሃን፣ የሙቀትና የድምፅ ሳይንስ፣ የሥነ ሕንፃ ታሪክ፣ የቅየሳ፣ የከተማ ፕላን፣ የውልና የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርቶች አሉ። ተማሪው በቢሮና በግንባታ ቦታ ተግባራዊ ልምምድ ያደርጋል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ሥራ ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ትምህርት ክፍሎች የመውጫ ፈተና አለ።

ስለዚህ “ስዕል አልችልም” የሚለው ስጋት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስዕል እዚህ እንደ ፊደል ነው። ፊደል የሚቆጠረው ለማንበብና ለመጻፍ ነው፤ እጅም በልምምድ ይፈታል።

አንደኛው ትምህርት፦ መጠየቅና መለካት

“መስጊድ ሥሩ” ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጉልላትና ሚናራ ነው። የአርክቴክቸር ተማሪ ግን መስመር ከማስመሩ በፊት ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። ማን ይገለገልበታል? ስንት ሰው? በየትኛው ሰዓት? ለጁሙዓ ስንት፣ ለሱብሂ ስንት? እህቶች በየት ይገባሉ? ውዱእ የት ያደርጋሉ? ኢማሙን እንዴት ይሰማሉ? አንድ አረጋዊ ደረጃ መውጣት ቢያቅታቸው በየት ያልፋሉ? ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት ክፍል አለ? ይህ ዝርዝር ሰዎቹን ራሳቸውን በመጠየቅ እንጂ በግምት አይሞላም። የእህቶች ቦታ በብዙ መስጊዶች ግንባታው ካለቀ በኋላ በጥግ ላይ የሚጨመረው፣ ዝርዝሩ ሲዘጋጅ እነርሱን የጠየቀ ስለሌለ ነው።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። ሱጁድ የሚያደርግ አንድ ሰው በግምት 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1.20 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ይህም 0.72 ካሬ ሜትር ነው። ለ200 ሰው 144 ካሬ ሜትር መስገጃ ያስፈልገናል ማለት ነው። አሁን ጥያቄው የክፍሉ ቅርጽ ነው።

12 በ12 ሜትር ብናደርገው በአንድ ሶፍ 20 ሰው፣ በጠቅላላው 10 ሶፍ ይሆናል። ወደ ጎን አስፍተን 18 በ8.40 ሜትር ብናደርገው ደግሞ በአንድ ሶፍ 30 ሰው ይቆማል፤ በ7 ሶፍ 210 ሰው ያሰግዳል። የቦታው ልዩነት 7 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በሁለተኛው ቅርጽ ግን የመጀመሪያውን ሶፍ ምንዳ የሚያገኙት 10 ሰዎች ይጨምራሉ፤ የመጨረሻው ሶፍም ለኢማሙ ይቀርባል።

ምሰሶስ? ሰሃቦች በምሰሶዎች መካከል ሶፍ ከመሥራት ይጠነቀቁ እንደነበር ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ተዘግቧል። 8.40 ሜትር ደግሞ መሐል ላይ ምሰሶ ሳይቆም ጣራውን በሚሸከም የብረት ማዕቀፍ ሊሸፈን የሚችል ርቀት ነው። እዚህ ላይ አርክቴክቱ ከሲቪል መሐንዲሱ ጋር ይቀመጣል። አንዱ “ምሰሶ አልፈልግም” ሲል ሌላው “ዋጋው ይህ ነው” ይላል። ሁለቱ በጊዜ ካልተነጋገሩ ምሰሶው ሶፉ መሐል ይተከላል።

ሁለተኛው ትምህርት፦ ቦታን ማንበብ

ለእኛ አካባቢ የሚገርም ነገር እዚህ ላይ አለ። መካ በ39.8 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን 39.5 ገደማ ላይ ናት። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መስመር ላይ ያሉ ያህል ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በቀጥታ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ የደብረ ብርሃን ቂብላ ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 1.4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። አንኮበር ላይ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በአጭሩ፣ ቂብላችን ሰሜን ነው።

ሰሜንን ማግኘት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮምፓስ የሚያሳየው የመግነጢስ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጥቂት ዲግሪ ይለያል። የስልክ ኮምፓስ ደግሞ ፌሮ በተከመረበት ቦታ ጭራሽ ሊያሳስት ይችላል። 18 ሜትር ግድግዳ ላይ የ3 ዲግሪ ስህተት ቢኖር የግድግዳው ጫፍ 94 ሳንቲ ሜትር ይዞራል። ከመካ ለራቀ ሰው አቅጣጫውን መያዝ እንደሚበቃው ብዙ ፉቀሃዎች ስለሚናገሩ ሶላቱ አይበላሽም። ነገር ግን ምንጣፉ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፤ በየማዕዘኑም የሰጋጅ ቦታ ይባክናል።

መፍትሔው ከግንበኛ እጅ የማይጠፋው ቱንቢ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በካዕባ ትክክል አናት ላይ ትሆናለች። አንደኛው ግንቦት 19 ወይም 20 ቀን ከቀኑ 6፡18 ገደማ፣ ሁለተኛው ሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን ከቀኑ 6፡27 ገደማ ነው። በዚያች ደቂቃ ከ3 ሜትር ከፍታ ላይ ቱንቢ ብናንጠለጥል ክሩ 60 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጥላ ይጥላል። ከጥላው ጫፍ ወደ ቱንቢው ስንመለከት ፊታችን ቂብላ ነው። ሐምሌ ደመናማ ስለሆነ ለእኛ የግንቦቱ ይሻላል።

አሁን ፀሐይን ከቂብላው ጋር እናያይዝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ብርዳም ከተማ ናት። ውርጩ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል በ57 ዲግሪ ከፍታ ትቆማለች። ቂብላው ሰሜን ከሆነ ደቡቡ ከሰጋጆች ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ለሶፍ ብለን ያሰፋነው 18 ሜትር ግድግዳ ለካ የበጋውን ፀሐይ ፊት ለፊት የሚቀበል ግድግዳ ነው! አናቱ ከወለሉ 3 ሜትር ከፍ ያለ መስኮት ብናደርግበት፣ የታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ውስጥ 2 ሜትር ያህል ገብታ ከኋላ የተሰለፉትን ታሞቃለች። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን አልፋ 76 ዲግሪ ላይ ስለምትሆን አጭር የጣራ ክፈፍ ብቻ የቂብላውን ግድግዳ ይከልላል። ወፈር ያለ የድንጋይ ግንብ ከሆነም ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ለመግሪብና ለኢሻ ይጠቅማል።

ይኸው መስጊድ ከአንኮበር ቁልቁል ወርደን አልዩ አምባ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ቢሠራ ቂብላው ያው ሰሜን ነው፤ ጠላቱ ግን ሙቀት ነው። የደቡቡ መስኮት ጥላ ይፈልጋል። ነፋስ ከአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ትይዩ መስኮቶች ያስፈልጋሉ። የደብረ ብርሃንን ፕላን ገልብጦ ሸዋ ሮቢት ላይ መሥራት ሰጋጁን በላብ ማጥመቅ ነው። ፕላን እንደ ልብስ ከአንዱ ለሌላው የማይዋስበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚያ መሬቱ ይነበባል። ሜዳው ላይ ያለው መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ካልጠለቀ ግድግዳውን ይዞ ይሰነጠቃል። አንኮበር ላይ ደግሞ መሬቱ ገደላማ ስለሆነ ሕንፃውን በደረጃ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ የድጋፍ ግንብና የጎርፍ መውረጃ ማዘጋጀት ግድ ነው። በሱረቱ ተውባ 109ኛው አንቀጽ ሕንፃውን አላህን በመፍራት ላይ የመሠረተና ሊናድ በደረሰ ገደል አፋፍ ላይ የመሠረተ ሰው ተነጻጽረዋል። መልእክቱ ስለ ኒያ ነው፤ ምሳሌው ግን ገደል ላይ ላለ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ትምህርት፦ ቁሳቁስ፣ ድምፅና ውሃ

በሐምሌና በነሐሴ ጁሙዓ ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮ ጣራ ስር ኹጥባ መስማት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ድምፅ ማጉያውን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ድምፁ በባዶ ግድግዳዎች መካከል ስለሚያስተጋባ ቃላቱ ይደበላለቃሉ። በሕንፃ ሳይንስ ትምህርት ይህ በልኬት ይሠራል። ከቆርቆሮው ስር ክፍተት ተትቶ ወፈር ያለ ኮርኒስ ቢገባ የዝናቡ ድምፅ ይቀንሳል። ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል፤ ለስላሳ ሲሚንቶና መስታወት ግን ይመልሳል። ጉልላት ደግሞ ድምፅን አንድ ቦታ ላይ የመሰብሰብ ጠባይ ስላለው ሳይጠና አይሠራም።

የውዱእ ቦታም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እግር የሚታጠብበት ቁመት፣ ውሃው ሳይቆም የሚፈስበት ተዳፋት፣ እርጥብ እግር ምንጣፍ ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ይነደፋል። የመስጊዱ ወለል ከግቢው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆነው በ1 ለ12 ተዳፋት የተሠራ መወጣጫ 5.40 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ይህ ቦታ በፕላኑ ላይ ቀድሞ ካልተያዘ በኋላ አይገኝም።

ስለ ቁሳቁስ ስንማር ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ (1900–1989 እ.ኤ.አ) ይነሳል። ሉክሶር አጠገብ አዲሲቷን ጉርና ሲሠራ ሲሚንቶና ብረት ትቶ በጭቃ ጡብና በአገሬው የእጅ ጥበብ መስጊድ፣ ገበያና ቤቶች ሠርቷል። ሆኖም ብዙዎቹ የአሮጌዋ ጉርና ነዋሪዎች ወደዚያ ለመሄድ ፈቃደኛ ስላልነበሩ መንደሯ እንደታሰበችው አልተጠናቀቀችም። ከእርሱ ሁለት ነገር እንማራለን፦ የአገር ቁሳቁስ አይናቅም፤ ነዋሪው ያልተስማማበት ሥራም ቢያምር አይሞላም።

ታሪክን ማጥናት ለምን?

የሥነ ሕንፃ ታሪክ የግሪክና የሮም ብቻ የሚመስለው አለ። የእኛ ዞን ራሱ መማሪያ ነው። ከሸዋ አምባ በስተምሥራቅ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ይተዳደር የነበረው የኢፋት ሱልጣኔት በ1285 እ.ኤ.አ የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ይዞ ነበር። በዚያው ተረተር ላይ ኖራ፣ አስበሪና መሳልን የመሳሰሉ የፈረሱ የሙስሊም ከተሞች ይገኛሉ፤ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም አጥንተዋቸዋል። ኖራ ላይ የመስጊዱ የድንጋይ ግድግዳ እስከ ዛሬ ቆሟል። የአርጎባ ወገኖቻችንም በድንጋይ የመሥራት ጥበብ የታወቁ ናቸው።

እነዚህን ግድግዳዎች የሚለካ፣ በወረቀት የሚያሰፍርና የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ስለ አሮጌ መስጊድ ስናስብ ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ሐሳብ “አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው” የሚል ነው። ኒያው መልካም ነው። ነገር ግን አንዴ የፈረሰ የአያቶች ሥራ አይመለስም። አሮጌ ሕንፃን የመለካትና የመሰነድ ሥራ የአርክቴክቸር ትምህርት አንዱ ክፍል ነው፤ ከመካከላችን ይህን የሚችል ሁለት ሦስት ሰው ቢኖር እንኳ ትልቅ ኸይር ነው።

ሙያ አማና ነው

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች ጥብቅ ቁጥጥር በሚጠይቀው ሦስተኛው ምድብ አስቀምጧቸው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ስህተት ብዙ ሰው ይጎዳል።

“ግንበኛ ካለ መች አነሰ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሲራችን ይገኛል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመዲናን መስጊድ ሲሠሩ ከሰሃቦቻቸው ጋር ጡብ ተሸክመዋል። ጠልቅ ኢብኑ ዐሊ (ረ.ዐ) ጭቃ ማቡካት የሚችልበት ሰው መሆኑን ሲያዩም ጭቃው ለእርሱ እንዲተውለት ማዘዛቸው ተዘግቧል። ሁሉም ሰሃባ መሥራት ይፈልግ ነበር፤ ሥራው የተሰጠው ግን ለሚያውቅበት ነው። ግንበኛው የራሱ እውቀት አለው፤ ድንጋዩን ከማንም በላይ ያውቃል። ቂብላውን፣ ፀሐዩን፣ ድምፁን፣ የእህቶችን መግቢያና የመሠረቱን ጥልቀት አንድ ላይ አስታርቆ በወረቀት የሚያወርድለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ሰው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለመስጊድ የሰጠው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ እንዳይፈርስ መጠንቀቅ የአማና ጉዳይ ነው።

ከዲናችን አንፃር የሚነሱ ጥያቄዎች

*ስዕሉስ?* ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በስዕል ለሚተዳደር ሰው ነፍስ የሌላቸውን ነገሮች፣ ለምሳሌ ዛፍን፣ እንዲስል መምከራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የአርክቴክቸር ስዕል አብዛኛው ግድግዳ፣ ደረጃ፣ ዛፍና መሬት ነው። የሕንፃውን ቁመት ለማሳየት የሰው ቅርጽ ሲያስፈልግ ፊትና ዝርዝር የሌለው ጥላ መሰል ቅርጽ የሚጠቀሙ ተማሪዎች አሉ። በዝርዝር ጉዳዮች ላይ ግን በግምት አንሂድ፤ ዓሊሞችን እንጠይቅ።

*ሶላትና ስቱዲዮስ?* የስቱዲዮ ሥራ ሌሊት ያስመሻል፤ ከሌሊቱ በኋላም ሱብሂ ይመጣል። ሥራን ከመጀመሪያው ሳምንት መጀመር የመጨረሻውን ሌሊት ያሳጥራል። ጁሪ ዓርብ ላይ እንደሚውል ከታወቀ ተራችሁ ከጁሙዓ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ መምህሩን አስቀድሞ በአክብሮት ማነጋገር ይቻላል።

*ወጪውስ?* ወረቀቱ፣ የሞዴል ካርቶኑ፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ ቀላል ወጪ አይደለም። ይህን ሳያውቁ መግባት አይገባም። ተመራቂዎቻችን ማስመሪያቸውንና የስዕል ሰሌዳቸውን ለጀመዓው ትተው ቢሄዱ ግን ለተከታዩ ተማሪ ሸክሙ ይቀላል፤ ለተዉትም ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆናል ኢንሻአላህ።

በሐለቃችሁ ለመወያየት

1. የምንሰግድበት መስጊድ ጀርባው ወደ ደቡብ ነው? በዚያ ግድግዳ ላይ ስንት መስኮት አለ? በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ እስከ የትኛው ሶፍ ትደርሳለች?
2. እህቶች ከመንገድ እስከ መስገጃቸው የሚያልፉበትን መንገድ በእግር ተከትለን ብንሄድ ምን እንታዘባለን? ራሳቸው ምን ይላሉ?
3. በቀበሌያችን ካሉ አሮጌ መስጊዶች ማንም ያልለካው የትኛው ነው? ሜትር፣ ወረቀትና ካሜራ ይዘን በአንድ ቅዳሜ ምን መሥራት እንችላለን?

ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የአርክቴክቸር ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ቅዳሜውን ያገኘ ይጀምር።

ኢብራሂምና ኢስማዒል (ዐ.ሰ) የካዕባን መሠረት ሲያነሱ ሥራቸውን እንዲቀበላቸው አላህን ለምነዋል። እኛም ከምንማረው ሁሉ የሚጠቅመንን እንዲያሳውቀን፣ ባወቅነው እንዲያሠራን፣ የሠራነውንም እንዲቀበለን እንለምነዋለን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።